ባለፋብሪካውን ስትጠሩ ገዢውን አሳዩት

ለኢንዱስትሪ ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን፣
የቡልቡላን የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምታስተዳድሩ የክልል ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ የፕላስቲክ ፋብሪካዎችን ወደ ገጠር ኢንዱስትሪ ፓርኮች ስለመሳብ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔ ለረጅም ጊዜ በፕላስቲክ ፋብሪካ የምርት ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። ዘመዶቼ ደግሞ መቂ አካባቢ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት ያመርታሉ። ሁለቱንም ወገን በቅርብ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምላችሁ ነገር አንድ ነው። ባለሀብት ለመሳብ በርካሽ መሬትና በግብር እፎይታ ላይ ብቻ አትደገፉ። ፋብሪካው የሚያመርተውን ዕቃ የሚገዛ ሰው እዚያው አካባቢ እንዳለ አሳዩት። ገዢ ካየ ለምኑኝ ሳይል ይመጣል። ካላየ መሬቱን አጥሮ ይቀመጣል። አጥር ብቻ ያለበትን ብዙ መሬት እናንተም እኔም እናውቃለን።

በቲማቲም ልጀምር። በምርት ሰሞን መቂ ወይም ባቱ የወረደ ሰው ሁሉ ያየዋል። ቲማቲሙ ተለቅሞ በእንጨት ሳጥን ይሞላል። ሳጥኑ ከባሕር ዛፍ ጣውላ በሚስማር የተመታ ነው። ጠርዙ ሻካራ ነው፤ አንዳንዴም የሚስማሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ይወጣል። ሳጥኑ አፉ ድረስ ይሞላና ገና ይቆለልበታል። ከዚያ አይሱዙ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል። የላይኛው ሳጥን የሚያርፈው በታችኛው ሳጥን እንጨት ላይ አይደለም፤ በቲማቲሙ ላይ ነው። መኪናው አዲስ አበባ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ሲደርስ ከሥሩ ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ የገበሬው ማዳበሪያ ነው፤ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ናፍጣ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ድካም ነው። ተረካቢው የፈረጠውን አስቦ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ነጋዴው ደግሞ ከራሱ ኪስ አያወጣውም። ቅናሹ ዞሮ ዞሮ ማሳው ላይ ያለው ሰው ጋ ይደርሳል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ሃያ ኪሎ ገደማ የሚይዝ፣ ጎኑ ቀዳዳ ያለው፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሲደረደር የላይኛው በታችኛው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ቲማቲሙን አይነካውም። በውሃ ይታጠባል። በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት ይመላለሳል። ሲሰበር ይፈጫል፤ ተመልሶም ሳጥን ይሆናል። ለአገራችን አዲስ ነገርም አይደለም። የቢራና የለስላሳ ሳጥን ስንት ዓመት ሙሉ ከፋብሪካ ወደ ግሮሰሪ፣ ከግሮሰሪ ወደ ፋብሪካ ሲመላለስ ኖሯል። ባዶውን ያልመለሰ ሰው ማስያዣውን ይከፍላል፤ በቃ። ለጠርሙስ ይህን ማድረግ ከቻልን ለቲማቲም የሚያቅተን ለምንድን ነው?

የሚያቅተን በዋጋውና በመንገዱ ምክንያት ነው። የእንጨቱ ሳጥን ርካሽ ነው፤ ቢቀርም አያስቆጭም። የፕላስቲኩ ውድ ነው፤ አንድ ገበሬ ብቻውን መቶ ሳጥን ልግዛ ቢል አይችልም። በዚያ ላይ ፋብሪካዎቹ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ጀሪካን፣ የውሃ ቧንቧ ማጓጓዝ ማለት ደግሞ በአብዛኛው አየር ማጓጓዝ ማለት ነው።

ይህችን ነጥብ ትንሽ ላብራራት፤ የፋብሪካ ቦታ የሚመረጠው በእሷ ነውና። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃው ፍሬ ፍሬ ሆኖ በ25 ኪሎ ከረጢት ነው የሚመጣው። አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 25 ቶን ይይዛል። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከአንድ ኮንቴይነር ጥሬ ዕቃ ወደ 25 ሺህ ጀሪካን ይወጣል። ይህን ጀሪካን መልሳችሁ በዚያው ኮንቴይነር ጫኑት ብትባሉ በአንድ ጊዜ የሚገባው ከሁለት ሺህ ተኩል ብዙ አይበልጥም። በአንድ መኪና የመጣው ዕቃ አሥር መኪና ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጥሬ ዕቃውን ሩቅ መውሰድ፣ ያለቀውን ዕቃ ደግሞ ቅርብ መሸጥ ያዋጣል። ፋብሪካው ተጠቃሚው ደጃፍ ላይ መሆን አለበት። የገጠር ፓርክ ለፕላስቲክ የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ መሬቱ ስለረከሰ አይደለም። ባለሀብት ስታናግሩ ይህን ሒሳብ አስቀድሙ።

ቡልቡላን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አገሪቱ ከጀመረቻቸው አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ ነው፤ ቡሬ፣ ይርጋለምና ባዕከር ሌሎቹ ናቸው። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አገር ውስጥ አይመረትም፤ ከውጭ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የወረደ ኮንቴይነር ቡልቡላ ለመድረስ አዲስ አበባን ማየት አያስፈልገውም። ከሞጆ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ያለው መንገድ ፈጣን መንገድ ሆኗል። ርቀቱም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡልቡላ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ ሲሉ መንገድ ላይ ናት። ገጠር ስንል ባለሀብቱ የሚታየው ጭቃ መንገድ ነው። ካርታውን ግለጡለት።

ገዢውስ? ቲማቲሙን ጠቅሻለሁ። ሽንኩርቱ የመረብ ጆንያ ይፈልጋል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ገበሬ ውሃውን በሞተር ስቦ በቦይ ይለቀዋል፤ ከውሃው ብዙው ሥር ሳይደርስ ይቀራል። ጠብታ መስኖ ቢዘረጋ ናፍጣውም ውሃውም ይቆጠብ ነበር። የአበባ እርሻዎቹ የግሪንሀውስ ላስቲካቸውን በየጥቂት ዓመቱ ይቀይራሉ። ከፍ ብሎ አርሲ አለ፤ ስንዴው ጎተራ ሲገባ ነቀዝ ይጠብቀዋል። ለእሱ ሦስት ድርብ ጆንያ የሚባለው አለ። ውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢት፣ ውጪው ጆንያ ነው። አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት እህል ላይ መበተን ይቀራል። በፓርኩ ውስጥ ዘይት፣ ወተት ወይም የቲማቲም ድልህ የሚያመርት ድርጅት ሲገባም የመጀመሪያ ጥያቄው ማሸጊያ ነው። እስኪ ይህን ሁሉ ደምሩት። ገበያው አለ፤ የተበታተነ ስለሆነ ነው የማይታየው።

የተበታተነውን መሰብሰብ የእናንተ ሥራ ነው። መቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየንን የመሰለ አንጋፋ ማኅበር አጠገባችሁ አለ። ዩኒየኖች ሳጥን ገዝተው ለአባሎቻቸው እንዲያከራዩ የብድር ዋስትና ስጡ። ገበሬው ሳጥን አይግዛ፤ በየጉዞው ይከራይ። ከዚያ ዩኒየኑ ከፋብሪካው ጋር የብዙ ዓመት የግዢ ውል ይፈርም። እንዲህ ያለ ውል የያዘ ባለሀብት ባንክ ሲገባ አንገቱን አይደፋም። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም የሳጥኑን ቁመትና ወርድ አንድ ያድርገው። የአንዱ ዩኒየን ሳጥን ከሌላው ላይ ካልተደረደረ፣ ሹፌሩ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልግባ። መብራት።

ከፋብሪካ ውጪ ያለ ሰው መብራት ጠፋ ሲባል ማሽኑ ቆመ ብቻ ይመስለዋል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ፕላስቲኩ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ከ200 ዲግሪ ወዲያ ወዲህ ባለ ሙቀት ቀልጦ እየሄደ ነው። መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቀራል፤ ይረጋል። መብራቱ ሲመለስ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ማሽኑ እስኪሞቅ ረጅም ጊዜ ይጠበቃል። መጀመሪያ የሚወጣው የተቃጠለ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት ነው፤ ወደ ጎን ይጣላል። ፒቪሲ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ፒቪሲ ሙቀት ላይ ከቆየ ይቃጠላል፤ ዓይን የሚያቃጥልና ብረት የሚበላ አሲድ ይለቃል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በጨለማ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ቀልጦ የሚወጣበትን የጋለ የማሽን ራስ ፈትተው በነሐስ መቧጠጫ ያጸዱታል። ነሐስ የሚሆነው ብረቱን እንዳይጭረው ነው። ጓንት ቢኖርም ክንድ ይቃጠላል። ይህን በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ የሠሩ ልጆች ጠዋት ፊታቸው ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ድሮ ችግራችን ዶላር ማጣት ነበር። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭ ግዢ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወረፋ ሲጠበቅ ፋብሪካው ለወራት ቆሞ ይከርም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ግን የብሩ ዋጋ በመውረዱ እያንዳንዱ ኪሎ ጥሬ ዕቃ ብዙ ብር ይፈጃል። መብራት በጠፋ ቁጥር የምንጥለው ፍርፋሪ በዶላር የተገዛ ነው።

ስለዚህ ለባለሀብቱ የምትገቡለት ትልቁ ቃል የግብር እፎይታ አይሁን። ያልተቆራረጠ መብራት ይሁን። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይል የለም የሚባልበት ጊዜ እያለፈ ነው። የቀረው መስመሩና ማከፋፈያው ነው። ለፓርኩ የተለየ መስመር ይኑረው፤ መስመሩ ከአካባቢው ቀበሌዎች ጋር አይቀላቀል። መቆራረጡ በየወሩ ይመዝገብ፤ ስንት ጊዜ እንደጠፋ በይፋ ይለጠፍ። አንድ ባለሀብት የእናንተን ብሮሹር ከማንበቡ በፊት ያችን ሰሌዳ ነው የሚያየው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሥራ ዕድል እውነቱን እንነጋገር። ለሕዝቡ አሥር ሺህ ሥራ እናመጣለን ብላችሁ ቃል አትግቡ። ፕላስቲክ እንደ ልብስ ስፌት አይደለም። አንድ የሳጥን ማሽን የሚፈልገው ጥቂት ሰው ነው። ሰፊው ሥራ ከፋብሪካው ውጪ ነው፦ ሳጥን የሚያጥብ፣ የሚያከራይ፣ የሚጠግን፣ ጠብታ መስኖ የሚዘረጋ፣ የተሰበረውን የሚሰበስብ። እዚያ ላይ ብታቅዱ ወጣቱ አይታለልም። ከሐዋሳ ፓርክም እንማር። እዚያ ብዙ ወጣት ሴቶች በአነስተኛ ደመወዝና በቤት ኪራይ ተማርረው ሥራቸውን ጥለው ሄደዋል። የፕላስቲክ ማሽን ሃያ አራት ሰዓት ነው የሚሠራው። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ልጅ ከቀበሌዋ የሚያመላልሳት ሰርቪስና የምታድርበት ደህና ቤት ያስፈልጋታል። ፓርኩ ሲታቀድ ይህ አብሮ ይታቀድ።

በጣም የጎደለን ሙያ ደግሞ ሞልድ ነው። ሳጥኑን ሳጥን፣ ክዳኑን ክዳን የሚያደርገው ያ የብረት ቅርጽ ማለቴ ነው። አብዛኛው ከቻይና ይመጣል። ሲሰበር ወይም ሲያረጅ ጠጋኙ ጥቂት ነው፤ ማሽኑ በእሱ ምክንያት ሥራ ፈትቶ ይቆማል። አንድ ባለሀብት ብቻውን የሞልድ ወርክሾፕ ማቋቋም ይከብደዋል። ፓርኩ ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ወርክሾፕ በኮምፒውተር እየተመራ ብረት ከሚቀርጸው ሲኤንሲ ማሽን ጋር ማቋቋም ይችላል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም፤ የአካባቢው የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆችም አሉ። ልጆቹ እዚያ ይለማመዱ። ለገጠር ወጣት ካርቶን ከማሸግ ይልቅ ሞልድ መጠገን ዕድሜ ልክ የሚያኖር ሙያ ነው። ባለሀብቱም ጠጋኝ ያለበትን ቦታ ጥሎ አይሄድም።

ሌላው ሥጋቴ ፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። በእኔ እምነት ትክክል ነው። ግን አስታውሱ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513ም ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ፌስታሉም በየአጥሩና በየእሾሁ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። አሁን የፌስታል ማሽን የያዙ ሰዎች ገበያቸው ተዘግቷል። ከዓይን ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ገጠር ፓርክ፣ ልሂድ የሚል አይጠፋም። በዚህ መንገድ አታስገቧቸው። በሌላ መንገድ ግን ጥሯቸው። ላስቲክ የሚነፋ ማሽን ያለው ሰው፣ ማስተካከያ አድርጎና ጥሬ ዕቃውን ቀይሮ የእህል ጆንያ ውስጠኛ ከረጢት ሊሠራ ይችላል። ማሽኑ የሚችል ከሆነ የግሪንሀውስ ላስቲክም ይሠራል። እነዚህ ሰዎች ሙያውም ሠራተኛውም አላቸው። የመሸጋገሪያ ብድር ቢያገኙ ሥራቸውን ሳይፈቱ ጠቃሚ ዕቃ ያመርታሉ።

ፈቃድ ስትሰጡ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ይህ ዕቃ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ተጠቅሞ ለሚጣል ዕቃ የገጠር መሬት አይሰጥ።

ጥራቱንም ተቆጣጠሩ። ጠብታ መስኖ ቧንቧ ፀሐይ የሚቋቋምበት ጥቁር የካርቦን ድብልቅ ያስፈልገዋል፤ ሁለት በመቶ ገደማ ይበቃል። ይህን የሚያጓድል አምራች አለ። ቧንቧው ሱቅ ውስጥ ሲታይ ደህና ነው። ማሳ ላይ ጥቂት ወራት ፀሐይ ሲመታው ግን ይሰነጣጠቃል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተጎዳ ገበሬ ጎረቤቱን ሁሉ ይነግራል፤ ልክም ነው። ከዚያ በኋላ ጠብታ መስኖ ብትሉት አይሰማችሁም። ለዚህ ቀላል ፍተሻ የሚያደርግ ላቦራቶሪ ፓርኩ ውስጥ ቢኖር ሐቀኛው ፋብሪካ ነው የሚጠቀመው።

ስለ ውሃውም ልናገር። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ አብጃታ ሐይቅ ይገባል። አብጃታ ምን ያህል እንደሸሸ የአካባቢው ሽማግሌዎች በጣታቸው ያሳዩዋችኋል። ሳጥንና ቧንቧ የሚሠራ ማሽን የሚፈልገው የማቀዝቀዣ ውሃ ነው፤ ያንኑ ውሃ እያዞረ ሊጠቀም ይችላል። ያገለገለ ፕላስቲክ አጥቦ የሚፈጭ ፋብሪካ ግን ብዙ ውሃ ይፈጃል፤ ያጠበበትም ቆሻሻ ነው። ለእንዲህ ያለው ፋብሪካ ማጣሪያው ሳይሠራ ማሽኑ አይነሣ። ሐዋሳ ፓርክ የራሱን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት ዘርግቷል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር የለም። ጥሬ ዕቃው ሲወርድ የሚፈሰው ፍሬም ቀላል አይደለም። ዝናብ ይወስደዋል፤ ወንዝ ይገባል፤ አሣና ወፍ እህል መስሏቸው ይበሉታል። በየማውረጃው ቦይ ላይ ወንፊት ይደረግ። ትንሽ ወጪ ናት።

የፀረ ተባይ መያዣዎችን ጉዳይ በተለይ አደራ እላለሁ። በየመንደሩ የመድኃኒት ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ሲቀዳበት አይቻለሁ፤ በሕፃን እጅ ጭምር። ፋብሪካው ሲመጣ እነዚህን መያዣዎች ከገበሬው በገንዘብ ይቀበል። ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ ተበስተው፣ ለብቻቸው ይሰብሰቡ። ወደ ምግብ ሳጥን ወይም ጀሪካን ፈጽሞ አይቀላቀሉ። አሰባሰቡን ለማን እንስጥ ካላችሁ ሰው ሞልቷል። በየሰፈሩ እየዞሩ የሚጮሁት ቁራሌውና ልዋጮቹ የትኛው ፕላስቲክ ለምን እንደሚሆን በእጃቸው ዳሰው ያውቃሉ። መታወቂያ፣ ጓንትና ሚዛን ስጧቸው። ፖሊስ ከማሳደድ ይልቅ ፓርኩ ይቅጠራቸው።

መሬታቸውን ለፓርኩ የለቀቁ አባወራዎችም አሉ። ካሳ ተከፍሏል ብሎ ፋይል መዝጋት አይበቃም። የሳጥን ኪራዩ፣ የእጥበቱ፣ የማሰባሰቡ ሥራ ሲጀመር ቅድሚያ ለእነሱና ለልጆቻቸው ይሁን። ይህም በቃል ሳይሆን ከባለሀብቱ ጋር በምትፈርሙት ውል ላይ ይጻፍ።

ከሁሉ በፊት የምጠይቃችሁ ግን ብዙ በጀት የማይፈልግ ሥራ ነው። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ያሉ ዩኒየኖች፣ እርሻዎችና ማቀነባበሪያዎች በዓመት ስንት ሳጥን፣ ስንት ጆንያ፣ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ጀሪካን እንደሚፈልጉ ይቆጠር። ቆጠራውን ለማንም ክፍት አድርጋችሁ አውጡት። ስትቆጥሩም አስተዳዳሪውን ብቻ አትጠይቁ፤ ጫኝ አውራጁን፣ ሹፌሩን፣ አትክልት ተራ ያለውን ተረካቢ ጠይቁ። በሚቀጥለው የኢንቨስትመንት መድረክ ላይ ያንን ወረቀት ከመብራቱ መዝገብ ጋር ለባለፋብሪካዎቹ ስጧቸው። ቆጠራው መቼ እንደሚጀመርና የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመራው በይፋ ብታሳውቁን፣ በሙያዬ ላግዝ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የፕላስቲክ ፋብሪካ የምርት ሠራተኛ